ከሥጋው በፊት ሆድ የሚይዘው ፑዲንግ

እኛ አገር «ፑዲንግ» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከምግብ በኋላ በትንሽ ሳህን የሚቀርብ፣ ማንኪያ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ ነው። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ እንግሊዝ አገር የሄዱ ወላጆች ታዲያ፣ እሑድ ምሳ ላይ «ፑዲንግ ይጨመርልዎ?» ተብለው ከጥብስ ሥጋና ከድንች ጎን ስኳር ያልነካው፣ መሐሉ ጎድጓዳ፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ያበጠ ነገር ሲቀርብላቸው ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። ይህ የዮርክሻየር ፑዲንግ ነው። የሚሠራው ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ቤት እየገባ ባለው ኤር ፍራየርም ይሠራል።

ከጥብሱ ሥር የተወለደ ምግብ

ዮርክሻየር በሰሜን እንግሊዝ የሚገኝ ሰፊ ግዛት ነው። በድሮ ጊዜ ሥጋ የሚጠበሰው በብረት ዘንግ ተሰክቶ እሳት ፊት እየተሽከረከረ ነበር። የሚንጠባጠበው ስብ እንዳይባክን ከሥሩ መጥበሻ ይደረጋል። ያ መጥበሻ ባዶውን ከሚቀመጥ ቀጭን ሊጥ ቢፈስበት፣ ስቡም አይጠፋም፣ ሌላ ምግብም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1737 በታተመ አንድ የቤት አያያዝ መጽሐፍ ውስጥ በበግ ትከሻ ሥር የሚጋገር እንዲህ ያለ ፑዲንግ አሠራር ሰፍሯል። በ1747 ደግሞ ሐና ግላስ የተባለችው ደራሲ በታወቀው የምግብ አሠራር መጽሐፏ «የዮርክሻየር ፑዲንግ» በሚለው ስም አሳተመችው።

ምግቡን በድሃ ቤት ያስወደደው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሥጋ ውድ ነበር፤ የሚበላው አፍ ደግሞ ብዙ። ስለዚህ እናቶች ፑዲንጉን ከሥጋው ጋር ሳይሆን ከሥጋው በፊት፣ መረቅ አፍስሰውበት ያቀርቡት ነበር። ልጆቹንም ፑዲንግ አብዝቶ ለበላ ሥጋ እንደሚጨመርለት እየነገሩ ያግባቧቸዋል። ልጆቹ ፑዲንጉን በልተው ሲጠግቡ ትንሿ ሥጋ ለሁሉም ትዳረሳለች። ትንሽ ሥጋ ለብዙ ሰው የማብቃቃት ዘዴ ለእኛም እናቶች እንግዳ አይደለም።

ኤር ፍራየሩ ምን ያመጣል?

ኤር ፍራየር ከላይ ማሞቂያ፣ ከማሞቂያው ጋር ደግሞ ማራገቢያ ያለው ትንሽ መጋገሪያ ነው። የጋለውን አየር በፍጥነት በምግቡ ዙሪያ ያዞረዋል። ለአራት ፑዲንግ ተብሎ ትልቅ ኦቨን ማጋል ጊዜም ኤሌክትሪክም ይፈጃል፤ ይኸኛው ግን በጥቂት ደቂቃ ይግላል። ልጆቻቸው ራሳቸውን ችለው ለወጡላቸውና ሁለት ብቻ ሆነው ለቀሩ ወላጆች፣ ወይም ብቻቸውን ለሚኖሩ አያት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ባለበት ቤት ግን በአንድ ጊዜ አሥራ ሁለት የሚያወጣው ኦቨን አሁንም ይበልጣል።

የሚያስፈልገው

ለአራት ሰው ሁለት እንቁላል፣ 70 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 100 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ቁንጥር ጨውና ጥቂት የሱፍ ዘይት ይበቃል። ሚዛን የሌለው ሰው አሮጌውን የእንግሊዝ እናቶች መስፈሪያ ይጠቀም፦ እንቁላሉን በብርጭቆ ሰብሮ የደረሰበትን ከፍታ ያያል፤ ዱቄቱንም ወተቱንም እዚያው ድረስ ይሰፍራል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ስለሚያንስ በብርጭቆ መስፈሩ በቁጥር ከመሄድ ይሻላል። ቤኪንግ ፓውደርም ሆነ እርሾ አይገባበትም።

አሠራሩ

ዱቄቱንና ጨውን በጎድጓዳ ሳህን ያድርጉ። እንቁላሉን ጨምረው ጓል እስኪጠፋ ይምቱ፤ ከዚያ ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሱ ያቅጥኑት። ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይተዉት፤ ዱቄቱ ፈሳሹን ይጠጣና ሊጡ ይስማማል።

ኤር ፍራየሩ ውስጥ የሚገቡ አራት ትናንሽ የብረት ኬክ መጋገሪያዎች ይፈልጉ። በእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ያድርጉና በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ያግሉ። ሊጡን በጆግ ያዘጋጁ፤ መሳቢያውን ሳቡና ፈጥነው እያንዳንዱን እስከ ግማሹ ሳይደርስ ይሙሉት። ሊጡ ዘይቱን ሲነካ «ቺስ» ማለት አለበት፤ ካላለ ዘይቱ አልጋለም ማለት ነው። ወዲያው ይዝጉና ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት። የመጀመሪያዎቹን 12 ደቂቃዎች በምንም ምክንያት አይክፈቱት።

ማሞቂያው ከላይ ስለሆነ አንዳንዴ አናቱ ቀልቶ ሥሩ ለስላሳ ይቀራል። ያን ጊዜ ፑዲንጎቹን ከመጋገሪያው አውጥተው ይገልብጧቸውና ሌላ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይጨምሩላቸው።

ያለ እርሾ ለምን ያብጣል?

ሥራው የእንፋሎት ነው። ሊጡ በጣም ከጋለ ዘይት ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለው ውሃ በፍጥነት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ከውሃው እጅግ የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ ሊጡን ወደ ላይ ይገፋዋል። የእንቁላሉ ፕሮቲንና የዱቄቱ ስታርች ደግሞ በሙቀቱ እየጠነከሩ የተነፋውን ቅርጽ ይይዙታል። ቅርጹ ሳይጠነክር ቀዝቃዛ አየር ከገባበት እንፋሎቱ ተመልሶ ይረግባል፤ ፑዲንጉም እንደ ተተነፈሰ ኳስ ይሟሽሻል። መብራት በመሐል ቢጠፋም የሚሆነው ይኸው ነው።

እንግሊዞች ከፍታውን በቀልድ አያዩትም። እ.ኤ.አ. በ2008 የብሪታንያው የኬሚስትሪ ሮያል ሶሳይቲ፣ ከአራት ኢንች ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ የዮርክሻየር ፑዲንግ ፑዲንግ ሊባል እንደማይገባ አስታውቆ ነበር። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ እንፋሎቱ ቀደም ብሎ ይነሣል፤ ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ሙከራ ከመጽሐፉ ደቂቃ ትንሽ ቢለይ አይደነቅ። ቀለሙን አይቶ መወሰን ነው።

ልጅ ባለበት ቤት

የጋለ ዘይት ያለበት መሳቢያ በጠረጴዛ ጫፍ፣ ልክ በልጅ ፊት ከፍታ የሚሳብ መሆኑን አይርሱ። ልጆች ሊጡን ይምቱ፣ ዱቄቱን ይስፈሩ፤ ዘይትና መሳቢያ ግን የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ጥሬ እንቁላልና ጥሬ ዱቄት ስላለበት ሊጡን ጣታቸውን ነክረው እንዳይቀምሱም ይጠብቋቸው። እንቁላል፣ ወተት ወይም ስንዴ የማይስማማው ልጅ ካለ ይህ ምግብ ለእሱ አይሆንም።

ቀላል የመጋገሪያ ወረቀት ምንም ሳይጫነው ከገባ ማራገቢያው አንሥቶ ከማሞቂያው ጋር ያጋጨዋል፤ ይቃጠላልና አያስገቡት። ጥሬ ቅቤም በ200 ዲግሪ ስለሚያር በዘይት ወይም በሞራ ይሥሩ። ኤር ፍራየሩ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ገመድ መሰካት የለበትም።

በምን ይበላል?

ወጉ ከበሬ ጥብስና ከሥጋው ጭማቂ ከተሠራ ወፈር ያለ መረቅ ጋር ነው። ጎድጓዳው መረቁን ይይዛል፤ እንጀራ ወጥ እንደሚይዝ ማለት ነው። ቋሊማ በሊጡ መሐል ተጋግሮ ሲቀርብ ደግሞ «ቶድ ኢን ዘ ሆል» ይሉታል። ስሙ «ጉድጓድ ውስጥ ያለች ጉርጥ» ማለት ቢሆንም፣ ጉርጥ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። የልጅ ልጆች ይህን ስም ሲሰሙ ስቀው ሳይጨርሱ ሳህኑን ይጨርሳሉ። እኛ ቤት ደግሞ በደንብ የበሰለ ምንቸት አልጫ ጎድጓዳው ውስጥ ቢጨለፍ ያምርበታል። እንቁላልና ወተት ስላለበት ግን የፍስክ ምግብ ነው።

የተረፈውን አይጣሉት። በማግሥቱ ጠዋት በ180 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ቢሞቅ መልሶ ይንኮሻኮሻል። ዮርክሻየሮች የተረፈውን በማርማላታ ይበሉታል፤ ማር ያለው ቤት ማር ያፍስበት። ዱቄቱ፣ እንቁላሉና ወተቱ በብዙ ቤት የማይጠፉ ናቸው። ሥጋው ያነሰበት እሑድ ሲመጣ፣ እንግዳም ልጅም ከገበታው ሳይጠግብ እንዳይነሣ ይህን ከሥጋው በፊት ማቅረብ ይቻላል።