ለጎልማሳ ተማሪ የሚስማማ የበይነ መረብ ትምህርት

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በመጀመሪያ በ5፣ በኋላም በ15 የሀገሪቱ ልሳናት ፊደልን ወደ ገበሬው ቀዬ ይዞ በመውረዱ፣ ጎልማሳን ማስተማር የሚቻለው ትምህርቱ ወደ ኑሮው ሲቀርብ እንደ ሆነ በገሃድ አስረድቷል።

ዛሬ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የመሰለ የበይነ መረብ ትምህርት በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር ተቀምጦ በነፃ መከታተል ይቻላል፤ ነገር ግን ቀን በሥራ ደክማ፣ ልጆቿን አስተኝታ፣ በምሽት በእጅ ስልኳ የምትማር የአንኮበር ነርስ ትምህርቷን ወደ ፍጻሜ ታደርስ ዘንድ፣ አዘጋጁ አስቀድሞ ውሎዋንና አዳሯን ሊያሰላስል ይገባዋል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ የገዛችውን ዳታ ይጨርስባታል፤ ኔትወርክ ባለበት አውርዳ በሌለበት የምታደምጠው አጭር የድምፅ ትምህርት ግን ይጠቅማታል። እርሻ ላለው ተማሪም የፈተናው ቀን ከአጨዳና ከውቂያ ወራት ይራቅለት።

አሜሪካዊው ሊቅ ማልኮም ኖውልስ እንዳስተማረው፣ ጎልማሳ የሚማርበትን ምክንያት ማወቅ ይሻል፤ የሕይወት ልምዱም ራሱ የትምህርት ምንጭ ነው። ስለዚህ ስለ እናቶች ጤና የሚያስተምር ኮርስ ከትርጓሜ ዝርዝር ይልቅ ነርሷ በሥራዋ ካጋጠማት ታካሚ ቢጀምር ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ እኔ የማስበልጠው የመምህሩን መልስ ነው፤ በቅኔ ጉባኤ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ወዲያው እንደሚታረም ሁሉ፣ የበይነ መረብ ተማሪም በስሙ የሚጠራውና ስሕተቱን የሚያቀናለት ሰው ያሻዋልና፣ አዘጋጁ ከቪዲዮው ወጪ አስቀድሞ ለዚህ ሰው ጊዜና ደመወዝ በጀት ይያዝ።