የተዋጊው ሕመም በሀርሺን፦ እውነት ወይስ ተረት?

በሶማሌ ክልሏ ሀርሺን ደጃፍ ብዙ ጦርነት አልፏል። በ1970 ዓ.ም ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር ተይዛ ነበር፤ የካቲት 26 ቀን በካራማራ ድል ተመለሰች። በ1980 ዓ.ም የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ከዚሁ ድንበር ተሻግረው ሀርጌሳ ሲገቡ ስደተኛው ወደ ሀርቲሼክ ጎረፈ። በ2011 ዓ.ም ደግሞ የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ታጣቂዎች በአስመራው ስምምነት ትጥቅ ፈትተው ወደ ቤታቸው ገቡ። በተለያየ ወገን የተዋጉ ሰዎች ዛሬ በዚህ አካባቢ አብረው ይኖራሉ። ስለ ሕመማቸው የሚወራው ግን በአብዛኛው ተረት ነው።

ተረት፦ «ጀግና ሰው አይረበሽም።»

ሌሊት በቅዠት መባነን፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰሙ መበርገግ፣ ከሰው መሸሽ፣ በትንሽ ነገር መንደድ የፍርሃት ምልክት አይደለም። ሐኪሞች ፒቲኤስዲ የሚሉት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ በሕይወት ዘመናቸው ይህ ሕመም የያዛቸው ሰዎች ወደ 3.9 ከመቶ ናቸው፤ ጦርነት ባዩት ዘንድ ቁጥሩ ከ15 ከመቶ ይበልጣል።

ተረት፦ «ጫት ያስረሳል።»

ይህኛው ከሁሉም በላይ ጉዳት ያደርሳል፤ ደግሞም ከአወዳይ ተነስቶ በጅግጅጋ በኩል ወደ ሀርጌሳ የሚያልፈው ጫት በየመንደሩ ይገኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ነው፤ ሥራው ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ፒቲኤስዲ የያዘው ሰው ችግር ደግሞ አእምሮው ጠላት ይመጣል ብሎ ከመጠን በላይ መንቃቱ ነው። ከሰዓት ሲቅም ሐሳቡ የቀለለው ይመስለዋል፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፣ ጥርጣሬው ይብሳል፣ ማግስቱን ደብቶት ይውላል፣ እንደገና ይቅማል። እዚሁ አጠገባችን ሀርጌሳ በተደረገና በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም በቀድሞ ተዋጊዎች ላይ በርትቶ ታይቷል፤ ከታመሙት ብዙዎቹም ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት አብዝተው ይቅሙ ነበር። መርቃናውን ለመስበር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማስተኛ ክኒን መዋጥም ሌላ ሱስ ይጨምራል እንጂ አያድንም።

ተረት፦ «ጂን ነው፤ ሐኪም አይነካውም።»

ቁርአን ማስቀራት ለሚያምን ሰው ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ማንም ይተው አይበለው። ሕክምናው ግን ከእምነቱ ጋር አይጣላም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ነውሩ በሽተኛን ማሰርና መግረፍ ነው። ሸኾቻችን የሚሰሙ ሰዎች ናቸውና ይህን ጮክ ብለው ቢናገሩ የብዙ ቤተሰብን ሥቃይ ያሳጥራሉ።

ተረት፦ «ዘመን ያስረሳዋል።»

ይህ ከፊሉ እውነት ነው፤ እስከ 40 ከመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያገግማሉ። ሌሎቹ ግን ሕክምና ካላገኙ ለዓመታት ይዘውት ይኖራሉ። በካራማራ የተዋጋ የዚያን ዘመን ወጣት ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ አሁንም ሌሊት የሚጮህ ከሆነ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

ተረት፦ «ሕክምናው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነው።»

ከትልቅ ሆስፒታል ውጭም ማከም ይቻላል። በኡጋንዳው ናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር 277 ሩዋንዳውያንና ሶማሌዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያከሟቸው ሐኪሞች ሳይሆኑ ሥልጠና የወሰዱ ስደተኞች ነበሩ። በአንዱ ዘዴ ሰውዬው የሕይወት ታሪኩን ከልደት እስከ ዛሬ፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ በቅደም ተከተል ይተርካል፤ አድማጩ እየጻፈ ያነብለታል። ከዘጠኝ ወር በኋላ በዚህ ከታከሙት 70 ከመቶ ያህሉ ሕመሙ ለቋቸዋል፤ ምንም ሕክምና ካላገኙት የዳኑት 37 ከመቶ ብቻ ናቸው። ሰውን ሳይፈልግ አስገድዶ ማናዘዝ ግን ሕክምና አይደለም፤ ጉዳት አለው።

እንዲህ ያለውን አድማጭ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ማሠልጠን ይቻላል፤ የክልሉ ጤና ቢሮም ይህን ሥራ ሊይዘው ይገባል። እስከዚያው ቤታችሁ ውስጥ ሌሊት የሚባንን አባት ወይም ወንድም ካለ አትሳለቁበት፤ በጅግጅጋ ካራማራ ወይም ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ስለ አእምሮ ሕክምና ጠይቁለት። «መሞት እፈልጋለሁ» ካለ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ መሣሪያውን ከቤት አውጡና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።