በሳተላይት ቴሌቪዥን መቀበያ ላይ ስለሚነበቡ ቃላት



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጣሪያዎች ላይ የተተከሉትን ዲሾች አተኩሮ የተመለከተ ሰው፣ ከፊሎቹ ወደ ምዕራብ እንደ ዞሩ ዝገት ሲበላቸው፣ የሚበዙት ግን በምሥራቅና በደቡብ መካከል ወደ ሰማይ አንጋጠው ያገኛቸዋል። ምክንያት አለው። ቀድሞ አብዛኛው ቤት የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን ያይ የነበረው በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ከሚገኘው ከናይል ሳት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋራ ተስማምቶ፣ ኢትዮ ሳት የተባለው አገልግሎት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ባለው ሳተላይት ተጀመረ። ጣቢያዎቹ ወደዚያ ሲዛወሩ ዲሹም ፊቱን አዞረ። (በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 ቀን ከቻይና የተወነጨፈችው የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ከዚህ ጋራ አትገናኝም፤ እርሷ ምድርን ከላይ ለመቃኘት የተሠራች እንጂ ቴሌቪዥን የምታስተላልፍ አልነበረችም። ብዙ ሰው ሁለቱን ሲያደባልቅ ስለምንሰማ ነው ማንሳታችን።)

ዲሹን ማዞር ግን የነገሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልሆነም። ክረምት ሲገባ ሥዕሉ ይቆራረጣል፤ አንዳንድ ቀንም ጨርሶ ይጠፋል። ከአዲስ አበባ ከሥራ ውሎ አምሽቶ ወደ ሰበታ የተመለሰው ደመወዝተኛ ሠራተኛ ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያውም ሪሞቱን ይዞ ጥቂት ቁጥሮች ከነካካ በኋላ «ሪሲቨሩ ሞቷል፤ ሌላ ይግዙ» ይለዋል። ባለሙያ ሁሉ አታላይ ነው ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን የቃላቱን ትርጉም የማያውቅ ሰው እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይበት መንገድ የለውም፤ የሚወጣውም ገንዘብ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ሊሆን ይችላል።

ለትምህርት እንዲሆነን «11105 ኤች 45000» የሚል ጽሑፍ እንውሰድ። የመጀመሪያው ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ ሞገዱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 11 ቢሊዮን ከ105 ሚሊዮን ጊዜ እንደሚወዛወዝ ይነግረናል። ኤች የሚለው ፊደል ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ ያመለክታል፤ ኤች አግድም፣ ቪ ደግሞ ቁም ነው። ድርና ማግ በአንድ ጋቢ ውስጥ ተሻግረው ሳይምታቱ እንደሚኖሩ ሁሉ፣ በእነዚህ በሁለቱ አቅጣጫዎች አንዱ ፍሪኩዌንሲ ሁለት ጊዜ ይሠራበታል። ሦስተኛው ሲምቦል ሬት የሚባለው ነው፤ 45000 ሲባል በየሰከንዱ 45 ሚሊዮን ምልክቶች ይላካሉ ማለት ነው። እያንዳንዱ ምልክት እንደ አሠራሩ ሁለት ወይም ሦስት የዜሮና የአንድ ቁጥሮች ይሸከማል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ጣቢያዎች አብረው የሚገኙትም ስለዚሁ ነው።

በዲሹ ፊት ተንጠልጥላ የምትታየው፣ በአንዳንድ ሠፈር በስሕተት ኤል ኤም ቢ የምትባለው ኤል ኤን ቢ ይህን ሞገድ ተቀብላ ዝቅ ታደርገዋለች። 11105 ካለው ላይ 9750 ቀንሳ 1355 አድርጋ ወደ ቤት ትልከዋለች፤ ይህን ያህል ከፍ ያለ ሞገድ በተራ ገመድ ውስጥ ሲጓዝ ቶሎ ይደክማልና። ከ11700 በላይ ለሆኑት ደግሞ የምትቀንሰው 10600 ነው። ሪሲቨሩ ቪ ሲፈልግ በገመዱ 13 ቮልት፣ ኤች ሲፈልግ 18 ቮልት ይልክላታል። ስለዚህ የቪ ጣቢያዎች እየታዩ የኤች ጣቢያዎች ብቻ ቢጠፉ ዲሹን ማዞር ከንቱ ድካም ነው፤ ጥርጣሬው 18 ቮልቱን መስጠት ባቃተው ሪሲቨር ወይም በተጎዳ ገመድ ወይም በራሷ በኤል ኤን ቢዋ ላይ ይወድቃል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስተው እንለፍ። በመቀበያው ሜኑ ውስጥ ሁለት አሞሌዎች ይታያሉ፤ አንዱ ስትሬንግዝ፣ ሁለተኛው ኳሊቲ ይባላል። አብዛኛው ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ስትሬንግዝ የሚለካው በገመዱ የሚመጣውን ኃይል በጠቅላላው ነው፤ በውስጡም ኤል ኤን ቢዋ ራሷ የምታወጣው ጫጫታ አለበት። ዲሹ ባዶ ሰማይ ቢያይ እንኳ ይኸ አሞሌ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ኳሊቲ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሪሲቨሩ መልእክቱን ምን ያህል አጥርቶ እንዳነበበ ያሳያል። እንግዲህ ስትሬንግዙ ዜሮ ከሆነ የሚመረመረው ገመዱ፣ የገመዱ ጫፍና ኤል ኤን ቢዋ ነው። ስትሬንግዙ ኖሮ ኳሊቲው ዜሮ ከሆነ ዲሹ ከቦታው ተነቃንቋል፣ ወይም ቁጥሩ ተሳስቶ ተጽፏል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስላለ፣ ዲሹ ሁለት ሦስት ዲግሪ መዞሩ ሥዕሉን ለማሳጣት ይበቃል፤ ለዚህም አንድ የላላ ብሎንና የእንጦጦ ንፋስ በቂ ናቸው።

ኤፍ ኢ ሲ የሚባለው ቃል ለሒሳብ ሠራተኛ እንግዳ አይሆንበትም። በሠንጠረዥ ውስጥ አንዲት ቁጥር ቀለም ቢፈስባት የጎኑንና የቁልቁሉን ድምር አይቶ መልሶ ያገኛታል። ኤፍ ኢ ሲም እንዲሁ ነው፤ 3/4 ሲባል ከሚላኩት አራት ቁጥሮች ሦስቱ ዋናው መልእክት፣ አራተኛው የማረሚያ ድምር መሆኑ ነው። ብዙ ቁጥሮች በአንድነት ከተበላሹ ግን ድምሩ አያድንም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው በቀድሞው የቴሌቪዥን አሠራር ሞገዱ ሲደክም ሥዕሉ እየደበዘዘ፣ ነጠብጣብ እየበዛበት ይሄድ ነበር፤ በዲጂታል ግን እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆይና እርማቱ ሲሸነፍ በአንድ ጊዜ ወደ ካሬ ካሬ ተበታትኖ ይጠፋል። የክረምቱም ምሥጢር ይኸው ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት ሦስት ሳንቲ ሜትር ስለማይሞላ ከባድ ዝናብ ይመጠውና ይበትነዋል። ዝናቡ ሲያባራ በራሱ የሚመለስ ከሆነ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ነገር ግን በትንሽ ካፊያ የሚጠፋ ከሆነ ኳሊቲው በደረቁም ቀን ቋፍ ላይ ነበር ማለት ነውና፣ ሰማይ በጠራ ቀን ዲሹን በጥንቃቄ ማስተካከል ይገባል።

ሪሲቨር መለወጥ በእርግጥ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ዲ ቪ ቢ ኤስ የተባለው የስርጭት ደንብ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1994፣ ተከታዩ ኤስ 2 በ2005 ወጣ። የፊተኛውን ብቻ የሚያውቅ መቀበያ በሁለተኛው የሚተላለፈውን ጣቢያ ፈልጎም አያገኘው። ድምፅ እየተሰማ ሥዕሉ ጥቁር ከሆነ ደግሞ፣ መቀበያው ሥዕሉ የታመቀበትን አዲሱን ዘዴ አለማወቁ ይሆናል። «ስክራምብልድ» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ግን ጣቢያው ለከፈለ ብቻ የተቈለፈ ነው እንጂ መሣሪያው አልተበላሸም።

የባለሙያ እጅ ሜኑውን ከመንካቱ በፊት የሚታየውን ፍሪኩዌንሲ፣ ፊደሉንና ሲምቦል ሬቱን፣ የሁለቱንም አሞሌዎች ልክ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ነው። «ፋክተሪ ሪሴት» የሚለው ትእዛዝ ከተጫነ ይህ ሁሉ ይጠፋል።