ኩሽኔታ በአቤክ ቁጥር አይገዛም

ልጁ ኤሌክትሪክ ስኬትቦርዱን ገልብጦ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ያስገባሁት አቤክ 9 ነው፤ እንዴት ወር ሳይሞላው ይጮኻል? አቤክ 11 የሚል አይቻለሁ፤ እሱን ልግዛ?» አለኝ። ዋሽንግተን ላይ ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ነው፤ ለበረዶ ማቅለጫ የተበተነው ጨው ገና ከአስፋልቱ አልታጠበም። የኋላውን ጎማ ስፈታው የኩሽኔታው የብረት ክዳን ዳር ዳሩን ዝጓል፤ ግራሶው ከጨዋማ ውሃ ጋር ተለውሶ ቀይ ጭቃ ሆኗል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል መግባት የነበረበት ስፔሰርም የለም። ዝገቱን አሳየሁት፤ ስፔሰሩ የጎደለበትን ቦታ በጣቴ ጠቆምኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም፤ የሚፈልገው ከ9 በላይ ያለውን ቁጥር ነበር።

አቤክ 11 የሚባል ደረጃ የለም። ደረጃው 1፣ 3፣ 5፣ 7 እና 9 ብሎ ያበቃል። ሣጥኑ ላይ 11 ብሎ የጻፈ ነጋዴ የሌለ ነገር ነው የሸጠው፤ ቁጥሩን ማመን የሚቀርበትም እዚያው ላይ ነው። ግን እኔን የሚያደክመኝ የሐሰቱ 11 ብቻ አይደለም። እውነተኛው 9 ራሱ ለዚህ ልጅ ምንም አያደርግለትም ነበር። ይህን ለስንቱ ደንበኛ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ አሁንም እደግመዋለሁ።

አቤክ የአሜሪካ ኩሽኔታ አምራቾች የሚሠሩበት የልኬት ደረጃ ነው፤ በዓለም አቀፉ ኢሶ 492 ውስጥም አቻው አለ። የሚናገረው ስለ ልክና ስለ ዙረት ትክክለኛነት ነው፤ ቀዳዳው ከተባለው ልክ ምን ያህል ሊያንስ እንደሚችልና ቀለበቱ ሲዞር ምን ያህል ሊዋልል እንደሚችል። ስኬትቦርድ ላይ የተለመደውን 608 እንውሰድ፤ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። በአቤክ 1 የውስጥ ቀለበቱ እስከ 10 ማይክሮን ቢዋልል ይፈቀድለታል፤ በአቤክ 9 እስከ 1.5 ማይክሮን። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል፤ እንግዲህ በትንሹና በትልቁ ቁጥር መሃል ያለው ልዩነት የፀጉር ስምንተኛ እጅ ገደማ ነው። በደቂቃ በአሥር ሺዎች ለሚዞር የመፍጫ ማሽን ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። ስኬትቦርድ ላይ ግን ያን ኩሽኔታ የምንከተው በሻጋታ በተቀረጸ የፕላስቲክ ማዕከል ውስጥ ነው። ማዕከሉ ራሱ በአሥሮች ማይክሮን የሚቆጠር ስህተት ይዞ፣ የቀለበቱ 1.5 ማይክሮን ለማን ይጠቅማል?

ደረጃው የማይናገረውን ደግሞ ቁጠሩ። ብረቱ በምን እሳት እንደጠነከረ አይናገርም። ውስጡ ምን ግራሶ እንዳለ፣ ክዳኑ ውሃ ያስገባ አያስገባ፣ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም፣ በኳሶቹና በቀለበቶቹ መሃል ምን ያህል ክፍተት እንደተተወ አይናገርም። መንገድ ላይ ኩሽኔታን የሚገድሉት ሁሉ ከቁጥሩ ውጭ ናቸው።

«ግን ፍጥነት አለው» ይሉኛል። እናስላው። 90 ሚሊ ሜትር ጎማ ያለው ቦርድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በደቂቃ 2,360 ጊዜ ያህል ይዞራል። የታወቁ አምራቾች ግን ላስቲክ ክዳን ላለው ተራ 608 በደቂቃ ከ20 ሺህ ዙር በላይ ይፈቅዳሉ። የኩሽኔታውን አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው የምንጠቀመው። ጉልበቱንም እንይ። ነጂውና ቦርዱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በዚያ ፍጥነት ክብደቱ በኩሽኔታዎቹ ላይ የሚፈጥረው ሰበቃ ከ2 ዋት አይበልጥም፤ ክዳኑና ግራሶው ጥቂት ዋት ይጨምሩበታል። ቆሞ የሚሄድ ሰው ነፋሱን ለመግፋት ብቻ ብዙ መቶ ዋት ያወጣል። ሞተር ያለው ቦርድ ላይ ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ቢል ከማንኛውም ኩሽኔታ የበለጠ ያተርፋል።

የስህተቱ ሥር በጣት አዙሮ መፈተን ነው። ሱቅ ውስጥ ጎማውን ያሽከረክሩታል፤ ብዙ የዞረው ተመራጭ ይሆናል። ባዶውን ብዙ የሚዞር ኩሽኔታ ማለት ክዳኑ የማይነካ፣ ውስጡም ቀጭን ዘይት ብቻ ያለበት ነው። ሰው ሲቆምበት ያ ዙረት ምንም አይነግረንም፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቀጭኑ ዘይት መጀመሪያ ይታጠባል። በግራሶ በደንብ የተሞላና ላስቲኩ ቀለበቱን የሚነካ አዲስ ኩሽኔታ በጣት ሲዞር ቶሎ ይቆማል። መቆሙ ጤንነት ነው። ዝገት ማስለቀቂያ ፈሳሽ የምትረጩበትም እባካችሁ ተዉ፤ ያለውን ግራሶ አሟሙቶ ያወጣዋል እንጂ በቦታው የሚቆይ ቅባት አይተካለትም።

ሴራሚክ ኳስ ያለው ኩሽኔታም ከዚሁ እምነት የመጣ ነው። የሲሊኮን ናይትራይድ ኳሶች ከብረት ይቀላሉ፣ ይጠነክራሉ፣ አይዝጉም፤ ይህ እውነት ነው። የሚሮጡበት ቀለበት ግን ብረት ስለሆነ ይዝጋል። ኳሱ ብዙ ስለማይለጠጥም ቀለበቱን የሚነካበት ቦታ ይጠብባል፣ ጫናውም እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ይበረታል። ጉድጓድ ውስጥ ዘሎ ለሚገባ ጎማ ይህ ጥቅም አይደለም።

ታዲያ ምን ይገዛ? መጀመሪያ ልክ። ፔርኖው 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 608 ነው፤ 10 ወይም 12 የሆነባቸው፣ በተለይም የሜዳ ቦርዶች፣ ሌላ ቁጥር ይወስዳሉ፤ 6001 የሚይዙ ብዙ ናቸው። ሞተሩ ጎማው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሳትገምቱ ከአሮጌው ክዳን ላይ ቁጥሩን አንብቡ። ቀጥሎ ክዳን። በሁለቱም ወገን ላስቲክ ያለው፣ 2አርኤስ የሚባለው ይሁን። የብረት ክዳኑ ከውስጥ ቀለበቱ ጋር አይነካካም፤ ጠጠር ይመልስ ይሆናል፣ ውሃ ግን አይመልስም። ከዚያ ክፍተት። ሲ3 የሚል ምልክት ያለበት ኩሽኔታ ከተለመደው ሰፋ ያለ ክፍተት አለው፤ ማዕከሉ ሲያጣብቀው አይታነቅም፣ ቦርዱ ሲታጠፍ የሚመጣውን የጎን ግፊትም በተሻለ ይሸከማል። ዝናብና ጨው ባለበት ከተማ የማይዝግ ብረት ቢመረጥ አልቃወምም፤ የመሸከም አቅሙ በጥቂቱ እንደሚቀንስ ታውቆ።

ከሁሉም በላይ ግን ስፔሰር። ስፔሰር ከሌለ ዳዶው ሲጠብቅ የውስጥ ቀለበቶቹ እርስ በርስ ይሳባሉ፤ ኳሶቹ ከመንገዳቸው መሃል ወጥተው ዳሩን ይፈጩታል። ያንን ፈርቶ ዳዶውን ያላላ ደግሞ ቀለበቱ ፔርኖው ላይ እየዞረ ፔርኖውን ይበላበታል። ስፔሰሩ በልኩ ሲሆን ቀለበቶቹ፣ ስፔሰሩና ሮንዴላዎቹ ተጣብቀው እንደ አንድ አካል ይጠብቃሉ፣ ጎማው ግን ነጻ ሆኖ ይዞራል። በብዙ ጎማ 10 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቺንጋ ባለው የኋላ ጎማ ግን አንዱ ኩሽኔታ ከጎማው ማዕከል ወጥቶ ፑሊው ውስጥ ሊቀመጥ ስለሚችል ርቀቱ ይረዝማል። ስለዚህ ይለካ። የተሰበሩ ኩሽኔታዎች በብዛት የሚመጡልኝ ከዚያ ከሚነዳው ጎማ ነው፤ ብዙ ጊዜም የጎደለው ስፔሰሩ ነው።

አገባቡም የራሱ ሕግ አለው። ኩሽኔታ ወደ ማዕከሉ ሲገባ የሚገፋው በውጭ ቀለበቱ ነው። በውስጡ ከተገፋ ወይም በፔርኖ ጫፍ ተፈልቅቆ ከወጣ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፤ የ608 የቆመ ጭነት አቅም ደግሞ 140 ኪሎ ግድም ነው። መዶሻ ያንን ይበልጣል። እንዲህ የወጣ ኩሽኔታ ቢጸዳም ተመልሶ አይገባም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ሰው ገንዘቡን እንዳያወጣ አይደለም፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲያወጣው ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎማ ከተያዘ አስፋልቱን የሚመታው የነጂው ጭንቅላት ነው። ስለዚህ ሻጮች ሣጥኑ ላይ የክዳኑን ዓይነት፣ የግራሶውን ስም፣ የክፍተቱን ምልክትና የአምራቹን ማንነት ይጻፉ። እነዚህን የማይናገር ሣጥን ቁጥሩ የፈለገውን ያህል ይሁን አትግዙት። ከታወቀ አምራች የመጣ፣ ላስቲክ ክዳን ያለው ተራ 608 ዋጋው ትንሽ ነው፤ በተረፈው ገንዘብ ልኩን የጠበቀ ስፔሰር ግዙ፣ ለክረምቱ ማብቂያ የሚቀየር ሌላ ሙሉ ስብስብም አስቀምጡ።