ስሙ የጠፋው ወይን

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለወይን ስም የሚያወጣለት ግን ሰው ነውና አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የፈለግሁት ከመቶ ዓመት በላይ በሌላው ስም ሲጠራ ስለ ኖረ አንድ የቀይ ወይን ጠጅ ፍሬ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በወይን ተክል ምን አገባው የሚል ጓደኛ ቢኖር፣ ነገሩ የስም ጉዳይ መሆኑን እስኪያይ ድረስ ይታገሠኝ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ወይን ጠጅ ለምን ቀይ እንደሚሆን እንመልከት። ብዙ ሰው የጥቁር ወይን ጭማቂ ቀይ ይመስለዋል። ነገር ግን አንዱን ፍሬ ልጣጩን ገፎ ቢያየው፣ ውስጡ ከነጩ ወይን የማይለይ ሆኖ ያገኘዋል። ከጥቂት ዓይነቶች በቀር ቀለሙ ያለው በልጣጩ ላይ ነው። ስለዚህ ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠምቅ ሰው ፍሬውን ጨፍልቆ ከነልጣጩ እንዲፈላ ይተወዋል። ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ቀለሙ እየወጣ ወደ ጠጁ ይገባል፤ ወፍራም ሻይ ያለ ስኳር ስንጠጣ አፋችንን ጨምደድ የሚያደርገው ታኒን የሚባለው ነገርም እንደዚሁ። ልጣጩ ስስ የሆነው ፒኖ ኗር ፈዘዝ ያለ ጠጅ ሲሰጥ፣ ልጣጩ ወፍራም የሆነው ካበርኔ ሶቪኞን ጠቆር፣ ከረር ያለውን ይሰጣል። እንግዲህ የጠጁ ጠባይ በአብዛኛው በወይኑ ዓይነት የሚወሰን ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የወይን አተካከል ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ቢዘራ የሚበቅለው ልጅ እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ገበሬው ከወደደው ተክል ቅርንጫፍ ቈርጦ ይተክላል፤ ከዚያም ደግሞ ሌላ ይቈርጣል። በዚህ ዓይነት አንድ ጥንታዊ ተክል በየአገሩ ይዳረሳል። ቅርንጫፉ ባሕር ሲሻገር ግን ስሙን ይዞለት የሚሄደው ሰው ነው። ሰው ከረሳው ተክሉ ራሱ አይናገርም።

በፈረንሳይ አገር በቦርዶ አውራጃ የደረሰውም ይኸው ነው። በዚያ ካርሜኔር የሚባል ጥቁር ወይን ነበር። ስሙ ካርሚን ከተባለው ደማቅ ቀይ ቀለም የመጣ ነው ይባላል፤ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ደም ይመስላልና። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የቺሊ ባለ ርስቶች ከቦርዶ የወይን ቅርንጫፍ አስመጥተው ሲያስተክሉ፣ ካርሜኔር ሜርሎ ከሚባለው ወይን ጋር ተደባልቆ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1860ዎቹ ዓመታት፣ ፊሎክሴራ የምትባል ከሰሜን አሜሪካ የመጣች ጥቃቅን ተባይ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ እየመጠጠች ታደርቀው ጀመር። መዳኛው የተገኘው ተባይዋን በሚቋቋመው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ቀጥሎ በመትከል ነበር። የቦርዶ ገበሬዎች እንደገና ሲተክሉ ግን ካርሜኔርን ተዉት፤ በብርድና በዝናብ አበባው እየረገፈ ምርቱ ያንስ ነበርና። ከዚያ በኋላ እንደ ጠፋ ተቈጠረ።

ካርሜኔር ግን አልጠፋም። ተባይዋ ባልደረሰችበት በቺሊ፣ ሜርሎ እየተባለ በሰላም ይኖር ነበር። ሆኖም ካርሜኔር የሚበስለው ከሜርሎ በሳምንታት ዘግይቶ ነው። ሁለቱ ባንድ ቀን ሲለቀሙ አንዱ በስሎ ሌላው ጥሬ ይሆናል። ጥሬ ካርሜኔር ውስጥ ደግሞ ፒራዚን የሚባል፣ በቃሪያም ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር በብዛት አለ። ስለዚህ ጠጁ ቃሪያ ቃሪያ ሲል የሚወቀሰው ሜርሎው ነበር።

በኅዳር ወር 1994 ዣን ሚሼል ቡርሲኮ የሚባሉ ፈረንሳዊ የወይን ተክል ሊቅ ከሳንቲያጎ አጠገብ በማይፖ ሸለቆ አንድ የወይን እርሻ ሲጐበኙ፣ አበባውን አተኵረው ተመለከቱና ይህ ሜርሎ ሳይሆን ካርሜኔር ነው አሉ። በኋላ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ቃላቸውን አጸናው። ያው ምርመራ ካርሜኔር፣ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ሦስቱም ካበርኔ ፍራን ከተባለው ወይን እንደ ተወለዱ ገልጿል። ገበሬው ወንድማማቾችን አለመለየቱ ስለዚህ ብዙ አያስፈርድበትም።

ከዚህ በኋላ የነበረው ምርጫ ግን ቀላል አልነበረም። ሜርሎ በገበያ የታወቀና የሚሸጥ ስም ነው፤ ካርሜኔርን የሚያውቅ ጠጪ ማን ነበር? ቢሆንም በ1998 የቺሊ መንግሥት ካርሜኔር ራሱን የቻለ ዓይነት መሆኑን በሕግ ተቀበለ። ገበሬዎችም ለይተው፣ እያንዳንዱን በጊዜው መልቀም ያዙ። ዛሬ ካርሜኔር የቺሊ መታወቂያ ሆኗል።

በአገራችንም በዝዋይ አካባቢ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ተተክለው ቀይ ወይን ጠጅ ተጠምቆባቸዋል። ስለዚህ አንባቢ በጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ስም ለጌጥ የተለጠፈ አይምሰለው። ፍሬው መቼ እንደሚለቀምና ምን ሊጠበቅበት እንደሚገባ የሚነግረን ያ ስም ነው። ካርሜኔር ያን ያህል ዘመን ክፉ ሜርሎ ሲባል ኖረ፤ ጥሩ ካርሜኔር ለመሆን ግን የቀረው፣ የሚያውቀው ሰው ቢያገኝ፣ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር።