የስላይጎ ወንዝ ልጆች

በሜሪላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ ፈተና ማለፉ ብቻ አይበቃውም፤ 75 ሰዓት በነፃ ማገልገል አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ከስላይጎ ክሪክ ጋር ብዙ ጊዜ የሚተዋወቀው በዚህ ሰበብ ነው። ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ይነሣና “ወንዝ ዳር አድርሺኝ” ይላል። እናት የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ስለገባች ዓይኗ ገና አልተገለጠም። “ቆሻሻ ልትለቅም ነው አሜሪካ ያመጣሁህ?” ትላለች፤ ግን ታደርሰዋለች። መኪናዋ ውስጥ ሆና ስትጠብቅ ሽበታም ጡረተኞች ከልጇ እኩል ጭቃ ረግጠው፣ የተጣለ ጎማ ከቁጥቋጦ ሲጎትቱ ታያለች። ሰዓት የሚሞላላቸው ትምህርት ቤት የላቸውም። ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?

ስላይጎ በአገራችን ሚዛን ጅረት ቢባል ይበቃዋል። ዝናብ በሌለበት ሰሞን ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ከዊተን አካባቢ ተነሥቶ በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ ያልፋል፤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞም ኖርዝዌስት ብራንች ከሚባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ያ ደግሞ ብሌደንስበርግ ላይ ከወንድሙ ከኖርዝኢስት ብራንች ጋር ሲገናኝ ስሙ ይለወጥና አናኮስቲያ ይሆናል። አናኮስቲያ በዋሽንግተን ከተማ አልፎ ፖቶማክ ውስጥ ይገባል፤ ፖቶማክም ወደ ቼሳፒክ ወሽመጥ ይፈሳል። ብሌደንስበርግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር መርከቦች ትምባሆ የሚጭኑባት ወደብ ነበረች ቢባል ዛሬ የሚያምን የለም። ለትምባሆ ሲባል ደኑ ተመነጠረ፣ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ወንዙን ሞላው፣ ወደቡም ተዘጋ።

የስላይጎ ጠባቂዎች ፍሬንድስ ኦፍ ስላይጎ ክሪክ የሚባል ማኅበር አላቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተቋቋመ የጎረቤቶች ስብስብ ነው። ወንዙን ከላይ እስከ ታች በክፍል በክፍል ሸንሽነው ለእያንዳንዱ ክፍል ተጠሪ መድበውለታል። በእኛ አነጋገር ጭቃ ሹም ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ጭቃው የእውነት መሆኑ ነው። ተጠሪው ክፍሉን እየተመላለሰ ያያል። የወደቀ ዛፍ፣ የተሰበረ ቱቦ፣ ቀለሙ የተለወጠ ውኃ ካገኘ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመጸው፣ ነዋሪው ሁሉ የሚወጣበት የጽዳት ዘመቻ ይጠራል።

በዘመቻው ከረጢት ይሞላል፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ደስ ይላል። ግን እውነቱን ለመናገር ቆሻሻ መልቀም ብቻውን ወንዝ አያድንም፤ የዛሬ ሳምንት ያው ፌስታል ያው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ቁም ነገሩ ያለው የለቀሙትን መቁጠሩ ላይ ነው። አናኮስቲያ ወተርሼድ ሶሳይቲ የሚባለው፣ በ1989 የተቋቋመው ትልቁ የተፋሰሱ ማኅበር፣ በ2008 ባወጣው ጥናት ቆሻሻውን በየዓይነቱ ለይቶ ቆጠረ። በገባሮቹ ውስጥ ከተገኘው ግማሽ ያህሉ የፕላስቲክ ፌስታል ሆነ። የዋሽንግተን ምክር ቤት ይህን ይዞ ሕግ አወጣ፤ ከጥር 2010 ጀምሮ ገበያተኛ ለአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም እንዲከፍል ተደረገ። ስላይጎ የሚያልፍበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም በ2012 ተከተለ። ያን ጊዜ እንጀራና በርበሬ ሊገዛ ገብቶ “አምስት ሳንቲም ደግሞ የምን ስስት ነው?” ብሎ ባለሱቁን የታዘበ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ይገባዋል። ባለሱቁ ከአምስቱ ለራሱ የሚያስቀረው አንዷን ነበር፤ የቀረው ውኃውን ለመጠበቅ ይውል ነበር።

ከፌስታሉ ይልቅ ወንዙን የሚጎዳው ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው ዝናብ ነው። በጫካ ላይ የወረደ ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ በቀስታ ወንዝ ይደርሳል። በጣሪያ፣ በአስፋልትና በመኪና ማቆሚያ ላይ የወረደው ግን መስረጊያ የለውም። የመኪናውን ዘይት፣ የሲጋራውን ቁራጭ፣ የውሻውን ዓይነ ምድር ጠርጎ መንገድ ዳር ባለው ቀዳዳ ይገባና በቱቦ ቀጥ ብሎ ስላይጎ ላይ ይወርዳል። በመካከል የሚያጣራው የለም። ብዙ ሰው ግን ቀዳዳው ወደ ማጣሪያ ጣቢያ የሚወስድ ይመስለዋል። በጎ ፈቃደኞቹ በየቀዳዳው ጠርዝ ላይ ምልክት የሚለጥፉት ለዚህ ነው። ጎርፉም ኃይለኛ ነው፤ አንድ የበጋ ነጎድጓድ በደቂቃዎች ውስጥ ጅረቱን አሳብጦ ዳርቻውን ይንዳል፣ የዓሣ እንቁላል የያዘውን ጠጠርም ጠርጎ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ የቀበናን ወይም የግንፍሌን ወንዝ በሐምሌ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

የስላይጎ የላይኛው ክፍል በዚህ ምክንያት ሞቶ ነበር ማለት ይቻላል። በ1990ዎቹ ዊተን ላይ ጎርፉን አቁረው ቀስ ብለው የሚለቁ ኩሬዎች ተሠሩ። ውኃው ሲረጋጋ ግን ዓሣው በራሱ ሊመለስ አልቻለም፤ መንገዱን ግድብና ቱቦ ዘግቶት ነበር። ሰዎች ከሌላ ወንዝ ዓሣ አጥምደው በባልዲ እያመጡ ለቀቁበት። በባልዲ የመጣው ትንንሽ የአገሩ ዓሣ ተዋልዶ ዛሬም አለ። እሱን ለቅሞ ለመብላት ግራጫ ላባ ያላት፣ እግሯም አንገቷም ረጅም የሆነች፣ የሳቢሳ ዘመድ የሆነች ትልቅ ወፍ ጠዋት ጠዋት ኩሬው ዳር እንደ ዘበኛ ቆማ ትታያለች።

ሌላው ሥራ ሐረግ መቁረጥ ነው። አይቪ የሚባለው ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነ ሐረግ ከአውሮፓ ለጓሮ ጌጥ መጥቶ ጫካውን ወርሶታል። ዛፉን እስከ አናቱ ተጠምጥሞ ብርሃን ይከለክለዋል፤ በክረምት በረዶ ሲጫነው ዛፉን ይዞት ይወድቃል። ካውንቲው የአረም ዘማቾች ብሎ ሥልጠና የሚሰጣቸው ሰዎች አሉ። ሐረጉን ከግንዱ ላይ ስቦ ማውረድ አያስፈልግም፤ ልጡን ይዞ ይመጣል። በግንዱ ዙሪያ፣ በወገብ ቁመት፣ ሐረጉን ብቻ ይቆርጡታል፤ የላይኛው እዚያው ደርቆ ይረግፋል። ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካ የሚከለከለው በመሳሳት የአገሩን ተክል እንዳይቆርጥ ነው። ቆዳ የሚያሳክክ መርዘኛ ሐረግም እዚያው መካከል ይበቅላል።

ስለ ወንዙ ሲነሣ ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ታች አናኮስቲያ ላይ የሆነው ነው። በ1992 ኧርዝ ኮንሰርቬሽን ኮር የሚባል ድርጅት ከዋሽንግተን ድሀ ሰፈር ወጣቶችን ሰብስቦ ጎማና ቆሻሻ ከአንድ የአናኮስቲያ ገባር ማውጣት አስጀመራቸው። ከተማዋ በዕፅና በጥይት ትታመስ ስለነበር ከመካከላቸው የተገደሉ ነበሩ። የአሜሪካ ምልክት የሆነው ንስር ከአናኮስቲያ ከጠፋ ያን ጊዜ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ወጣቶቹ ከ1994 እስከ 1998 ከዊስኮንሲን የመጡ 16 የንስር ጫጩቶችን አሳድገው ለቀቁ፤ ከንስሮቹም ለአንዳንዶቹ የሞቱ ጓደኞቻቸውን ስም አወጡላቸው። ዛሬ በወንዙ ላይ ንስር ሲያንዣብብ ማየት ብርቅ አይደለም።

በከተማው ውስጥ ግን በጓንትና በከረጢት የማይፈታ ችግር ነበር። የዋሽንግተን አንድ ሦስተኛ የሚሆነው የቆየ ክፍል የሽንት ቤቱንም የዝናቡንም ውኃ በአንድ ቱቦ ያወርዳል። ሲዘንብ ቱቦው ይሞላና ያልተጣራው ፍሳሽ አናኮስቲያ ውስጥ ይገነፍል ነበር። ኋላ ቆሻሻውን የቆጠረው አናኮስቲያ ወተርሼድ ሶሳይቲ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2000 የከተማውን የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት አቆመ። በ2005 ስምምነት ተፈረመ፤ ፍሳሹን አቁሮ ወደ ማጣሪያ የሚወስድ ግዙፍ ዋሻ ከመሬት በታች ተቆፈረ። የአናኮስቲያው መስመር በመስከረም 2023 ተጠናቀቀ። ቁፋሮው የማሽንና የቢሊዮን ዶላር ሥራ ነው፤ ክሱ ግን የጀመረው ቅዳሜ ቅዳሜ ከረጢት ይሞሉ ከነበሩት ሰዎች ነው።

አሁን ደግሞ በጎ ፈቃደኞቹ ፊታቸውን ወደ ጨው አዙረዋል። በረዶ ሲጥል መንገዱም ደጃፉም ጨው ይበተንበታል፤ በረዶው ሲቀልጥ ጨውም ወደ ጅረቱ ይወርዳል፣ ለጨው ያልተፈጠረውን ዓሣና ነፍሳትም ይፈጃል። አሞሌ ጨውን እንደ ገንዘብ ሲመነዝር የኖረ አገር ልጅ ጨው በአካፋ ሲበተን ሲያይ ትንሽ ሊደነግጥ ይገባው ነበር፤ እኛም ግን ካየነው ተምረን በባልዲ እንደፋዋለን። ለአንድ ደጃፍ የመኪና መግቢያ አንድ ኩባያ ጨው ይበቃል ይላሉ የሚያውቁት። በቡና ስኒያችን አይደለም፤ በትልቁ የአሜሪካ የቡና ኩባያ። አይዛክ ዎልተን ሊግ የሚባለው የቆየ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ለጠየቀ ሰው መለኪያ ወረቀት በነፃ በፖስታ ይልካል። ወረቀቱን ከጅረቱ በቀዱት ውኃ ውስጥ ይነክሩና ነጩ መስመር እስከ የት እንደወጣ ያነባሉ፤ ቁጥሩን ይመዘግባሉ። ሥራው ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ቀኑ ብርድ ነው፣ የሚያጨበጭብም የለም። ለ75 ሰዓቱ ቅጽ ይቆጠር እንደሆነ አስቀድሞ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ነው።