ኩሬ ዳር የሞተ እንቁራሪት ለማን ይነገራል?

በሬ ሲሞት መንደሩ ሁሉ ይሰማል፤ የእንስሳት ሐኪምም ይጠራል። መቄት ውስጥ፣ ፍላቂት አጠገብ ካለ ኩሬ ዳር ሃያ እንቁራሪት በጀርባቸው ተንጋለው ቢገኙ ግን ማን ጉዳዬ ይላል?

ጉዳያችን ሊሆን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች በአውስትራሊያና በመካከለኛው አሜሪካ እንቁራሪቶችን የሚፈጅ ፈንገስ መኖሩን ይፋ አደረጉ፤ ኪትሪድ ይሉታል። በ2019 የወጣ ጥናት በዚህ በሽታ ቢያንስ 501 ዝርያዎች እንደተመናመኑ፣ ከእነዚህም 90ዎቹ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገልጿል። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ፈንገሱን በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች፣ በበርካታ ዝርያዎች ላይ አግኝቶታል። ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በጣም ስለሚስማማው የመቄት ደጋ ብርድ አያባርረውም።

እንቁራሪት ውኃ የምትጠጣው በቆዳዋ ነው፤ በከፊልም በቆዳዋ ትተነፍሳለች። ፈንገሱ ቆዳዋን ሲያውከው በደሟ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም እየወረደ ይሄድና ልቧ ቀጥ ይላል። ታዲያ አንዷን አንስቶ «ኪትሪድ ነው» ማለት አይቻልም። ራናቫይረስ የሚባል ሌላ ገዳይ አለ፤ ከማሳ የታጠበ ፀረ ተባይም ይገድላል። የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ሬሳው ቶሎ ይበሰብሳል፣ ወፍም ይቀድማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሞቱትን ብዛት፣ ትልልቆቹ ይሁኑ ጅራታሞቹ ልጆች ጻፉ። በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጓንት ከሌለ የተገለበጠ ፌስታል ይበቃል፣ ለእያንዳንዷም አዲስ ይሁን። በሕይወት ካለችው ናሙና የሚወሰደው በኮቪድ ጊዜ በለመድነው ዓይነት ጥጥ ነው፤ ባለሙያው ሆዷን፣ ጭኗንና የእግር ጣቶቿን ይጠርግበታል።

ብዙ ናሙና የሚበላሸው በማቆያው ነው። ፎርማሊን ሥጋውን በማይክሮስኮፕ ለማየት ይጠቅማል፣ የዘረመል ምርመራውን ግን ያበላሻል። ለዘረመል ቢያንስ 70 በመቶ አልኮል ያስፈልጋል። (አረቄ ለዚህ ደካማ ነው፤ ለድግስ ይቆይ።) መርዝ ከተጠረጠረ ደግሞ ሁለቱም ይቅሩ፤ ሬሳው ቀዝቅዞ ይላክ። ወደ ሌላ ኩሬ ከመሄዳችሁ በፊት ጫማችሁን ከጭቃ አጽድታችሁ በበረኪና እጠቡና ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ፈንገሱ መድረቅን አይችልም።

ከዚያ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ኪትሪድም ራናቫይረስም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች መካከል ናቸው። «እንቁራሪት የእኔ ሥራ አይደለም» ካላችሁ፣ ነው በሉት።